ለፋሲካ የታሰረው ቦራ በሬ

ዘንድሮ የምኖርበት ሕንፃ ሰዎች ለፋሲካ ቅርጫ እንግባ ተባብለው በስልክ ሲጻጻፉ ሰነበቱ። ልጄ እኔንም ከመሐላቸው አስገብታኛለች፤ መነጽሬን አድርጌ፣ ስልኩን ከዓይኔ አርቄ ይዤ፣ አንድ በአንድ አነባለሁ። አንዷ ድፎ ዳቦውን ለእኔ ተዉት ትላለች። አንዷ ለልጆቹ ፊኛና ባለቀለም ወረቀት ገዝቼ ደረጃውን አሸበርቀዋለሁ ትላለች። አንዱ ስለ ጠላው፣ አንዱ ስለ ወንበሩ ይጨነቃል። ደስ ይላል። የልጅ ልጆቼ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ከሆሳዕና የተረፈውን ዘንባባ ቀለበት ይሠሩታል፣ ያበላሹታል፣ እንደገና ይፈቱታል። እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለሁ ነው አንድ ጎረምሳ፣ ወደ ሕንፃው ከገባ ዓመት ያልሞላው፣ መሐንዲስ ነው መሰለኝ፣ «ለበሬው አታስቡ፤ እኔ አለሁ» ብሎ የጻፈው። ሌሎቹ ከሥሩ የጭብጨባ ምልክት ደረደሩለት። እኔ ስልኩን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ፊቴ ሲግል ተሰማኝ። ስንት ዘመን አልፎ፣ ስንቱ ሞቶ፣ መንግሥቱም ከተማውም ተለውጦ፣ ያችን ቃል ሳይ አሁንም እንደ ልጅነቴ አንገቴን እደፋለሁ። አባቴ የተናገራት ቃል ናት።

አባቴ ታምራት ይባል ነበር፤ የድሬዳዋ ልጅ ነው። እዚህ ባሕር ዳር ያለው ፋብሪካ የሽመና መኪና የሚጠግን ሰው ሲፈልግ መጥቶ ተቀጠረ፣ እማዬን አገባ፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወለደ፣ በዚያው ቀረ። የምንኖርበት ግቢ አንድ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ለስድስት ለሰባት አባወራ የተከፋፈለበት ነበር። ጓሮው ማንጎና ዘይቱን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ደንገሉ፣ ከደንገሉ ወዲያ ጣና። ክረምት ሲሆን ውኃው እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ ይመጣ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ሆቴል ቆሟል፤ ልጆች ፎቶ ይነሱበታል። ያኔ ጧት የምንነሣው በፋብሪካው ጡሩምባ ነው። የቀን ፈረቃው ሲገባ የሌሊቱ ይወጣል፤ ዘንባባ የተተከለበት ሰፊው መንገድ ጥጥ በጸጉራቸው ላይ በቀረ ሴቶች ይሞላል። አባዬ ከእነዚያ ሁሉ ሰዎች መሐል ከሩቅ ይለያል። ሌላው ካኪ ሲለብስ እሱ አበባ የታተመበት ስስ ሸሚዝና ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ ይለብሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ብስክሌቱን ገልብጦ ሲወለውል መስኮቱ ላይ ያስቀመጠው ሬዲዮ ይዘፍናል፤ እሱም አብሮ ያፏጫል። እኛ «ደረስሁ፣ ሄድሁ» ስንል እሱ «ደረስኩ፣ ሄድኩ» ይላል፤ የግቢው ልጆች እየደገሙ ይስቁበታል።

ሰዎቹ አይጠሉትም። የማንንም ሬዲዮ፣ የማንንም ኩራዝና ፋኖስ በነጻ ይጠግናል። ነገር ግን የኛ ሰው ነው አይሉትም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ካስማውን ከእጁ ይቀበሉትና «ተወው ታምራት፣ አንተ አረፍ በል» ይሉታል። በክብር ነው የሚሉት፤ እሱ ግን አረፍ ብሎ ሲቀመጥ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው አያውቅም። ይህ ነገር ውስጥ ውስጡን እንደሚያንገበግበው ልጅም ብሆን አውቅ ነበር።

ያን ዓመት ደብረ ዘይት እንዳለፈ አንድ እሑድ የግቢው ሰው ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። ጊዜው ስኳር በቀበሌ ሱቅ የሚታደልበት፣ ጤፍ ኬላ የማያልፍበት፣ ሦስት ሰው አንድ ላይ ሲቆም ምን ትሠራላችሁ የሚባልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ጋሽ አድማሱ ቀድመው «ለፋሲካ ልንመካከር ነው» ብለው ለቀበሌው ነግረው ነበር። ጋሽ አድማሱ የግቢያችን ሽማግሌ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፖሊስ፣ የደራ ሰው። በየዓመቱ የፋሲካውን በሬ ከአንበሳሜ ገበያ ገዝተው የሚያመጡት እሳቸው ነበሩ።

ሥራው ተከፋፈለ። ጠላው የእትዬ የሺ ሆነ፤ እትዬ የሺ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ናቸው፣ እጃቸውም ምላሳቸውም የሰላ። ጌሾው ከዘጌ በታንኳ እስኪመጣላቸው ድረስ የከተማውን ጌሾ ሲሰድቡ ከረሙ። እማዬ ድፎ ዳቦውን ወሰደች። ቅቤው፣ አይቡ፣ አረቄው ባለቤት ባለቤቱን አገኘ። ለልጆቹ ደግሞ እኔ አለቃ ሆንሁ። ከሆሳዕና ዘንባባ የጣት ቀለበትና መስቀል እንሠራለን። ከደንገል ደግሞ መዳፍ የሚያህሉ ትናንሽ ታንኳዎች እናስራለን፤ በፋሲካ ቀን በየታንኳው ላይ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና አንድ ከረሜላ ተጭኖ ለየልጁ ይሰጣል። ታንኳዎቹን የምናስርበት ቀይና ሰማያዊ ክር አባዬ ከፋብሪካ ከሚጣለው ቁርጥራጭ በኪሱ ያመጣልን ነበር። አሁን ለልጅ ልጆቼ በሳጥን የታሸገ መጫወቻ ሲገዛላቸው አያለሁ፤ አንድም ቀን እንደዚያ ክር ሲጣሉበት አላየሁም።

በመጨረሻ ስለ በሬው ተነሣ። ጋሽ አድማሱ እግራቸውን እያሻሹ፣ «ዘንድሮ ይኸ እግሬ እምቢ ብሎኛል። አንበሳሜ ማን ይሂድ?» አሉ። ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። ያኔ ነው አባዬ ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ፣

«ለበሬው አታስቡ፤ እኔ አለሁ» ያለው።

እትዬ የሺ ከት ብለው ሳቁ። «ታምራት፣ በሬና ላም ትለያለህ?»

ሁሉም ሳቀ። አባዬም ሳቀ፤ ግን አልተቀመጠም። ጋሽ አድማሱ እጃቸውን አነሡ። «ይሂድ እንጂ! እኔስ ስወለድ ነው በሬ መግዛት ያወቅሁት? ስማ ታምራት፣ ገበያው መሐል ገብተህ ግዛ። ሻጩን የሚያውቅ ምስክር ያዝ። ቀረጡን ክፈልና ደረሰኙን ኪስህ ክተት። ጥርሱን አላውቅም ካልህ አትፈር፣ ሰው ጠይቅ።»

«እሺ ጋሽዬ፣ እንዳሉኝ አደርጋለሁ» አለ አባዬ። ያን ቀን ማታ ሲያፏጭ አመሸ።

በሕማማቱ ረቡዕ በሬው በጭነት መኪና መጣ። መኪናው በራችን ላይ ሲቆም ግቢው ተነቅሎ ወጣ። ቀይ ነው፤ ሻኛው የተቆለለ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጣል ያለበት ቦራ፣ ዓይኑ ትልልቅ። አባዬ ከጋቢናው ወርዶ ገመዱን ሲይዝ ሸሚዙ በአቧራ ቀልቷል። እንደዚያ ቀን ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም። ወንዶቹ በሬውን እየዞሩ ጎኑን መታ መታ አደረጉ። «ታምራት፣ አንተ እኮ ጉድ ነህ!» አሉት። እትዬ የሺ እንኳ፣ «እኔ አፌን ልያዝ» አሉ። እኔም ከልጆቹ ሁሉ ፊት ቆምሁ፤ የአባቴ በሬ ነዋ።

ጋሽ አድማሱ ግን ቀስ ብለው ጠጋ አሉና የበሬውን ጫንቃ በእጃቸው ዳሰሱ። «ይኸ እኮ የእርሻ በሬ ነው። ቀንበር የላጠውን አየኸው? ዝናብ ሊጥል ሲል ምነው ባለቤቱ ሸጠው?»

«ልጁ ታማበት ነው፣ ለሕክምና ቸኩሎ» አለ አባዬ። «ገበያው እንኳ ሳልደርስ መንገድ ላይ ነው ያገኘሁት። በርካሽ ሰጠኝ።»

«ደረሰኙስ?»

አባዬ ገመዱን እንደገና ለማጥበቅ ጎንበስ አለ። ጋሽ አድማሱ ትንሽ ጠበቁ። ዙሪያቸውን ቢያዩ ሰው ሁሉ ቆሟል፤ ልጁም ሚስቱም ቆመዋል። «በል እግዜር ይባርከው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሰው ፊት ሊያሳፍሩት አልፈለጉም። ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ ያን ቀን ትንሽ አሳፍረውት ቢሆን ኖሮ ምናልባት የኋላው ባልመጣ ነበር።

በሬው ማንጎው ሥር ታስሮ ሰነበተ። ሐሙስ ጉልባኑን ስንበላ ከደንገሉ ዳር ሣር እያጨድን እናበላው ነበር። ወንድሜ አልፎ ተርፎ በሬው ተኝቶ ሲያመነዥክ ጎኑን ተደግፎ መቀመጥ ጀመረ። ዓርብ ከስግደት መልስ የዘንባባ ቀለበት ጎንጉነን ቀንዱ ላይ አንጠለጠልንለት። እሑድ ጧት እንደሚታረድ እናውቃለን፤ አንነጋገርበትም እንጂ።

ቅዳሜ ሰው ሁሉ ቄጠማውን ራሱ ላይ አሥሮ ነበር። እናቶች ሽንኩርት እያቁላሉ ግቢው ሁሉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ያን ሁሉ የጾም ቀን ሽሮ ያሰለቸው አፍንጫ ቅቤ ሲነጠር ሲያሸት የሚሆነውን የጾመ ያውቀዋል። አባዬ የማንጎው ግንድ ላይ መስተዋት ሰቅሎ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጢሙን ይላጫል። ግማሽ ፊቱ ገና ሳሙና ነው። በዚህ መሐል በሩ ተገፋና ሰዎች ገቡ፤ ጠመንጃ የያዙ ሁለት የገበሬ ማኅበር ጠባቂዎች፣ አንድ የቀበሌያችን ሰው፣ ከፊታቸው ደግሞ ሽማግሌ ገበሬ። ገበሬው አያ ይርዳው እንደሚባሉ ኋላ ሰማን። አቧራ እስከ ጉልበታቸው ወጥቷል፤ ከአንበሳሜ ጀምረው በየኬላው ቦራ በሬ የጫነ መኪና እየጠየቁ ነው የመጡት።

ሽማግሌው ማንንም ሰላም አላሉም። ገና ከበሩ ላይ፣ «ቀናው!» ብለው ተጣሩ።

በሬው ተነሣ። ጆሮውን ቀጥ አደረገ፣ ገመዱን እስኪበጥሰው ድረስ ሳበው፣ ከዚያ ከሆዱ አገሳ። ሦስት ቀን አብረነው ስንኖር አንድም ጊዜ ድምፁን አሰምቶን አያውቅም ነበር። ሽማግሌው ሄደው አንገቱን አቀፉትና ግንባራቸውን ግንባሩ ላይ አደረጉ። «ቀናው፣ ልጄ፣ አለህልኝ?» ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በኋላ ይኸ በሬ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ቀንዱ ላይ ያንጠለጠልንለትን ቀለበት አወለቁና አጠገባቸው ለቆመው ለወንድሜ ሰጡት።

«ማን ነው ይኸን በሬ ያመጣው?» አለ ከጠባቂዎቹ አንዱ።

አባዬ ምላጩን እንደያዘ ተነሣ። «እኔ ነኝ።»

«ከማን ገዛህ?»

«ከአንድ ሰው። መንገድ ላይ።»

«ስሙ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ምስክር አለህ? ደረሰኝ አለህ?»

አባዬ ወደ ጋሽ አድማሱ ቤት ዞር አለ፤ ጋሽ አድማሱ በራቸው ላይ ቆመዋል። ከዚያ ወደ መሬት አየ።

«እንግዲያው ወይ ሌባ ነህ ወይ የሌባ ተቀባይ» አለ ጠባቂው። «ቅደም!»

ከየምድጃው ሴቶቹ ማማሰያቸውን እንደያዙ ወጥተው ቆመዋል። «በርካሽ ነው ብሎ ነበር እኮ» አሉ እትዬ የሺ፣ ቀስ ያሉ መስሏቸው፤ ግቢው ሁሉ ሰማ። እማዬ ፎጣ አምጥታ እጄ ላይ ጣለችና፣ «ሮጠሽ ስጪው፣ ሮጠሽ!» አለችኝ።

ሮጥሁ። ሰፊው መንገድ ላይ ስደርስ አባዬን በሁለት ጠመንጃ መሐል እየወሰዱት ነበር፤ ከኋላ አያ ይርዳው በሬያቸውን ይስባሉ። የበዓል ገበያ ነው፤ ከተማው ሁሉ ወጥቷል። ዶሮ አንጠልጥለው የሚሄዱ፣ ሽንኩርት የተሸከሙ፣ ራሳቸው ላይ ለምለም ያሠሩ ሰዎች ሁሉ ቆመው ያያሉ። ሳሙናው ግማሽ ፊቱ ላይ ደርቆ ነጭ ቅርፊት ሆኗል። «ምን አድርጎ ነው?» ይላል አንዱ፤ «የበሬ ሌባ ነው» ይላል ሌላው። የክፍሌ ልጆች አዩኝ። የሒሳብ አስተማሪዬ አዩኝ። መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። አባዬ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ወደ ኋላ አየ፤ አየኝ፤ ቶሎ ፊቱን መለሰ። ፎጣውን ደርሼ ስሰጠው ተቀበለኝ፤ ግን አልጠረገበትም፤ በእጁ እንደ ያዘው ሄደ።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ጥላ ሥር ቆሜ ሁሉንም በመስኮቱ ሰማሁ። ሊቀ መንበሩ ቁጣ የሚወድ ሰው ነበር። «ጓድ ታምራት፣ የሠርቶ አደር ስም ይዘህ የጭቁን ገበሬ በሬ!» እያለ ጠረጴዛ ይመታል። አባዬ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ተታልዬ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።» በመጨረሻ አያ ይርዳው ራሳቸው ተነሡ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ ይኸን ሰውዬ ሌባ ነው አልልም። ሌባ የሠረቀውን በሬ ሰው ሁሉ እያየው በራፉ ላይ አሥሮ፣ ቁጭ ብሎ ጢሙን ይላጫል? እኔ በሬዬን አግኝቻለሁ። ማሳዬ ይጠብቀኛል፤ በዓሉንም ከልጆቼ ጋር ላድርስ። ልቀቁት።»

ሌባው እስኪያዝ ድረስ ከተጠርጣሪነት አይወጣም ተባለ፤ ጋሽ አድማሱ በዚያ በታመመ እግራቸው እያነከሱ መጥተው ዋስ ሆኑት። ደጅ ላይ አባዬ የአያ ይርዳውን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል ትከሻውን ይዘው አነሡት። «ተው ልጄ፣ ተው። እኔ ሚስቴ በሞተች ጊዜ እንኳ ለዚህ በሬ እንዳለቀስሁት አላለቀስሁም። የከርሞ እህሌ ነው። አንተ ደግሞ ለልጆችህ ነበር።» በሬያቸውን እየነዱ ወደ ዓባይ ድልድይ ሄዱ። የዚያን ሰው ደግነት ሳስብ ዛሬም ደስ አይለኝም፤ ያሳፍረኛል። ቢያመናጭቁት ኖሮ ቢያንስ እኛም የምንቆጣው ሰው እናገኝ ነበር።

ሌሊቱን እማዬ እኛን ይዛ ጊዮርጊስ ሄደች፤ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ቀረ። ጧት የጋራው ገበታ እንደ ታቀደው ማንጎው ሥር ተዘረጋ። ወንዶቹ ቢላቸውን ከሳምንት በፊት አስለውት ነበር፤ ያን ጧት ማንም ቢላ ይዞ አልወጣም። ከየቤቱ ዶሮ ወጡ መጣ፣ የእማዬ ድፎ መሐል ላይ ተቀመጠ፣ ታንኳዎቹ እንቁላላቸውን ጭነው ተደረደሩ። አባዬን ተጣሩት። «ታምራት፣ ና እንጂ፣ እንኳን ከጾመ ልጓም አወጣህ!» ወጣ፤ ነጭ በነጭ ለብሶ ወጣ። ጥሩ ጥሩውን ብልት ለእሱ አደረጉለት። ጋሽ አድማሱ አጎረሱት፤ እትዬ የሺ አጎረሱት። ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ጠላው አወሩ፣ ስለ በሬ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። ጥሬ ሥጋ ይወዱ የነበሩ ሰዎች ድፎውን እየቆረሱ «አይ ዳቦ! አይ ዳቦ!» ይላሉ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። እማዬ ቀና ብላ ማንንም ሳታይ ደጋግማ «ብሉ፣ ብሉ» ትላለች። ያኔ ወንድሜ፣ አምስት ዓመት የማይሞላው፣ ታንኳውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣

«አባዬ፣ ሥጋው መቼ ነው የሚመጣው?» አለ።

አባዬ በአፉ የያዘውን ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከዚያ ተነሥቶ እጁን ሳይታጠብ ወደ ቤት ገባ። በሩ ሲዘጋ የተሰማው ድምፅ አሁንም ይሰማኛል፤ በኃይል አልዘጋውም፤ ሰው እንዳይሰማው ተጠንቅቆ ነው የዘጋው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ብስክሌቱ የለም፤ ሸጦታል። የየሰውን መዋጮ በየበሩ ዞሮ መለሰ፤ አንቀበልም ያሉትን ደፋቸው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ይህም ነገሩን አላበረደው። «ባያውቅበት ኖሮ ይመልስ ነበር?» የሚል ወሬ ተነሣ። «ከሌባው ጋር ተካፍሎት ይሆናል» የሚልም ነበር፤ ከማን እንደወጣ ባላውቅም ከግድግዳው ወዲያ እሰማው ነበር። ትምህርት ቤት ልጆች ከኋላዬ እንደ በሬ ያገሳሉ። አባዬ በሰፊው መንገድ መሄድ ተወ፤ ወደ ሥራ የሚሄደው በደንገሉ ዳር በእግር ሆነ። ሬዲዮ ይዘው የሚመጡም ቀሩ። የኛም ሬዲዮ መስኮቱ ላይ እንዳለ ዝም አለ።

ክረምቱ ወጥቶ አደይ ሲፈነዳ ጣቢያ ትፈለጋለህ ተባለ። በሌላ ወረዳ በቅሎ ሲሸጥ የተያዘ ሰው ነበር፤ የፋሲካውንም በሬ እሱ ሳይሠርቅ አይቀርም ተብሎ ባሕር ዳር አምጥተውታል። ግቢው ተነቃነቀ። እማዬ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። «ስምህ ሊጠራ ነው» አለችው፣ ሸሚዙን እየተኮሰች። እሷ የታመመች እኅቷ ዘንድ መሄድ ስለነበረባት እኔን፣ «ብቻውን አይሂድ፣ አብረሽው ሁኚ» አለችኝ። ጋሽ አድማሱም ዋስ ናቸውና አብረውን ሄዱ። ጥሩ ካፖርታቸውን ለብሰው ነበር።

ሰውዬው ግቢው ውስጥ ቆሟል። እጁ የፊጥኝ ታሥሯል፤ ቀጭን፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን የሆነ። ትንሽ ራቅ ብላ ግድግዳውን የተጠጋች ልጅ አለች፤ የኔ እኩያ ናት። አገልግል ደረቷ ላይ አቅፋለች። ስንቅ ይዛለት ከገጠር ተከትላው የመጣች ልጁ መሆኗን መኮንኑ ነገረን። ሰው ሁሉ አባቷን ያያል፤ እሷ ዓይኗን ከመሬት አታነሣም።

«ጓድ ታምራት፣ ደህና አድርገህ እይ» አለ መኮንኑ። «በሬውን የሸጠልህ ይኸ ነው? ነው ካልህ ያንተ ነገር ዛሬ እዚሁ ያልቃል። ካላወቅኸው ግን የፋሲካው ክስ አይነሣልህም።»

አባዬ ሰውዬውን አየው። ሰውዬውም አባዬን አየው፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰንጥቋል። ከዚያ አባዬ ልጅቱን አያት። ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ።

«አላውቀውም» አለ።

«በደንብ እይ እንጂ!»

«አይቻለሁ። ይህ ሰው አይደለም።»

ጋሽ አድማሱ አባዬን ለረጅም ጊዜ አዩት። በትራቸውን አነሡና ሳይጠብቁን ቀድመው ወጡ።

የዚያን ነገር መጨረሻ ልናገር። ሰውዬው በበቅሎዋ ብቻ ጥቂት ወር ታሥሮ ወጣ ሲባል ሰማን። የሰፈሩ ሰው «አየህ፣ ጓደኛውን ደበቀው» አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚጠራጠርም አልቀረ፣ ሁሉም አረጋገጠ። ጋሽ አድማሱ ዋስትናቸውን አላወረዱም፤ ሰላምታቸው ግን ቀዘቀዘ። በዓመቱ ግቢውን ለቅቀን ወደ ዘንዘልማ ዳር ወጣን። አባዬ ከዚያ ወዲያ የኖረው ብዙ ነው፤ ጡረታ ወጥቷል፣ እኔን ድሯል፣ የልጅ ልጅ አይቷል። በየፋሲካው ግን ፈረቃ ለመግባት የሚለምን ሠራተኛ እሱ ብቻ ነበር ይሉኛል። ሰው መሐል ሆኖ «እኔ አለሁ» ሲል ዳግመኛ አልሰማሁትም። እማዬ ለምን አላውቀውም እንዳለ ሳይነግራት ሞተች።

ለእኔ የነገረኝ ያን ዕለት ነው። ከጣቢያው ወጥተን በሐይቁ ዳር እየሄድን ነበር። ታንኳዎች ማገዶ ጭነው ከዘጌ በኩል ይመጣሉ። እኔ ነገ ትምህርት ቤት የሚሉኝን አሁኑኑ እየሰማሁት ነው።

«አባዬ፣ እሱ ነው አይደል?» አልሁት።

«እሱ ነው።»

«ታዲያ ለምን? እማዬ ሸሚዝህን ተኩሳልህ፣ ሁሉም እየጠበቀህ፣ ለምን?»

ቆመ። «ልጅቱን አየሻት?»

«አየኋት።»

«ያን ቅዳሜ ለት ሲወስዱኝ ዞሬ አንቺን አይቼሻለሁ። ፊትሽን አይቻለሁ» አለ። «አሁን እሱ ነው ብል ኖሮ እሷ ያን ፊት ይዛ ነበር አገሯ የምትገባው። ሰውዬው ሌባ ነው፣ አውቃለሁ። ግን በልጁ ፊት ጣቴን ልቀስርበት አልቻልኩም።»

ወደ ሰፈር ልንገባ ስንል ከትምህርት ቤት የሚመለሱ የክፍሌ ልጆች ከፊት ለፊታችን መጡ። አንደኛው ገና ከሩቁ አፉን ከፍቶ አገሳ፤ ሌሎቹ ሳቁ። አባዬ በደንገሉ በኩል ልታጠፍ ብሎ እጄን ሊለቅ ሲል ያዝሁት። ፊቴ እንደ እሳት ይነድ ነበር፤ እጁን ግን አልለቀቅሁም፤ በመሐላቸው አለፍን።